የአባዬ ሳቅ በሰው ግድግዳ

ዘንድሮ የሩፋኤል ዕለት ዝናቡ የጀመረው ገና በጠዋቱ ነው። ከኮንዶሚኒየማችን ግቢ የልጆች ጩኸት ይሰማኛል። ልብሳቸውን ጥለው ዝናብ ውስጥ ይራወጣሉ፤ እናቶቻቸውም ለዛሬ ብቻ ብለው ትተዋቸዋል። በመስኮት ቆሜ ሳያቸው ስልኬ ጮኸ። የእድራችን ሴቶች በስልክ የከፈቱት ቡድን አለ፤ ከመካከላችን ምክር የማይሰለቻት አንዷ የአደይ አበባ ሥዕል አያይዛ መልእክት ልካለች። «እህቶቼ፣ አሮጌው ዓመት ሲወጣ ቂማችሁንም አብራችሁ ሸኙት። ዛሬ በሚወርደው ጠበል ልባችሁን እጠቡት» ይላል።

ሁሉም በየተራ አሜን አሉ። እኔ አላልኩም። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ እናቴ ስሙን ስታወጣልኝ ምን አስባ እንደሆነ አላውቅም፤ ቂም ለመያዝ ግን ከትዕግሥት የተሻለ ነገር የለም። በዕድሜዬ ብዙ ሰው በድሎኛል፣ ከብዙዎቹም ታርቄያለሁ። ካማቶቼ ጋር ሳይቀር ታርቄያለሁ። አንድ ሰው ግን አለ፣ ስንት ሩፋኤል ቢዘንብ ከልቤ ያልታጠበ። ይልማ ይባላል። ባለ ፎቶ ቤት ነበር።

ነገሩ የሆነው ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዓመት ሊገባ ነው ብለው ዓለምን በሚያምሱበት፣ እኛ ግን ገና ዘጠና አንድን ልንጨርስ በምንንደረደርበት ክረምት ነው። ቤታችን ገርጂ ነበር። ዛሬ ኢምፔሪያል የምንለው መጋጠሚያ ቀለበት መንገድ አልዞረበትም፤ ከአስፋልቱ ወረድ ሲሉ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። በየጥጉ የበቆሎ እሸት የሚጠብሱ ሴቶች ከጃንጥላ ሥር ተቀምጠው ከሰላቸውን ያራግባሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ማትሪክ ነጥብ አልመጣልኝ ብሎ፣ ሾላ ገበያ አባዬ ሱቅ ውስጥ በርበሬና ኮረሪማ እመዝን ነበር።

አባዬ፣ አቶ ደግፌ፣ ገና በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሾላ ላይ ሱቅ የከፈተ የቅመም ነጋዴ ነው። ቤት ሲገባ ሽታው ቀድሞት ይገባል፤ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮረሪማ። ቆጣ ያለ፣ ቃል የማያበዛ ሰው ነበር። ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል፤ የፊት ጥርሶቹ ሁለቱ የሉም፣ በዚያ ያፍራል። ለእኛ ለልጆቹ እንኳን አፉን ገልጦ የሳቀበትን ቀን አላስታውስም።

በዚያ ዓመት የአክስቴ ልጅ ከዱባይ መጣች። ለሁሉም ሽቶና ነጠላ ጫማ አመጣች፤ ለእኔ ግን ሻንጣዋን ስትጎረጉር ቆይታ ግራጫ ፕላስቲክ ነገር አወጣችልኝ። ለራሷ በርካሽ ገዝታው አልሠራ ብሏት የተረፈ ነው። «ካሜራ ነው፣ ፊልም አይፈልግም» አለችኝ።

አባዬ ተቀብሎ አገላበጠው። «ፊልም ከሌለው ፎቶው የት ይገባል?»

«ውስጡ ይቀመጣል፣ አባዬ።»

«ውስጡ የት?»

እኔም የት እንደሆነ አላውቅም ነበር። የሳሙና ማስቀመጫ የሚያህል ዕቃ ነው። እንደ ዛሬው ስልክ ያነሱትን መልሶ የሚያሳይ መስታወት የለውም፤ ያለው እንደ ርካሽ የእጅ ሰዓት ቁጥር የሚታይበት ጠባብ መስኮት ብቻ ነው። ስንት ፎቶ እንደቀረና ቀኑን ይናገራል፣ ሌላ ምንም። ባትሪ ደግሞ እንደ ሠርግ ቤት እንግዳ ይበላል። ያነሳሁትን ለማየት በገመድ ከኮምፒውተር ጋር መግጠም ያስፈልጋል፤ በእኛ ሰፈር ያኔ ኮምፒውተር ያለው ሰው ማን ነው? ስለዚህ ያገኘሁትን ሁሉ አነሳለሁ፣ ሆዱ ሲሞላ ምኑንም ሳላይ አጠፋና እንደገና እጀምራለሁ።

አትሳቁብኝ። ዛሬም ድረስ እንደዚያ ዘመን አይቼ አላውቅም። ሾላ ላይ በማዳበሪያ ጆንያ የተሰጣ ቀይ በርበሬ ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው፣ የጎመን ሻጮቹ እጅ፣ በቦሌ መንገድ ታክሲ የሚያስቆሙ በጎች፣ ወያላ ግማሽ አካሉ በበር ወጥቶ ሲጣራ፤ ሁሉንም አነሳሁ። ፎቶው በእጄ ስለማይገባ በዓይኔ መያዝ ለመድኩ። ገበያው ሁሉ አወቀኝ። «ቲጂ፣ ዛሬም በሳሙና ማስቀመጫሽ ልታነሽን ነው?» ይሉኛል። ቢያሾፉም ነጠላቸውን ማስተካከላቸው አይቀርም።

የዚያ ዓመት ሩፋኤል ዝናቡ የወረደው ከሰዓት በኋላ ነው። እማዬ ሳፋና ባልዲ ሁሉ ደጅ አውጥታ ደርድራለች። አባዬ ከሾላ በስብሶ መጣ። ወደ ቤት ይገባል ብዬ ስጠብቅ ሸሚዙን አውልቆ በካናቴራ ግቢው መሃል ቆመ። ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና አደረገ፣ አፉን ከፈተ፣ ዝናቡን ጠጣ። ከዚያ ምን ትዝ እንዳለው እንጃ፣ ሳቀ። እጁን ወደ አፉ አላመጣም። እነዚያ የሌሉት ጥርሶች፣ ድዱ፣ ሁሉ ነገሩ ወለል ብሎ፣ እንደ ሕፃን ከት ከት ብሎ ሳቀ። እኔ ደጃፉ ላይ ነበርኩ። ካሜራውን አንስቼ ተጫንኩት። ጠቅ።

ያንን አላጠፋም አልኩ። ዓለም ቢገለበጥ ያንን አላጠፋም።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ካሜራዬን ከነገመዱ በፌስታል ጠቅልዬ ቦሌ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ወደሚገኘው የይልማ ፎቶ ቤት ወሰድኩት። ይልማ በቦሌ ስሙ የተጠራ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። መስኮቱ ላይ ሙሽሮች በወርቃማ ክፈፍ ተደርድረዋል፣ ከውስጥ ደግሞ ኮምፒውተርና የቀለም ማተሚያ በቅርቡ አስገብቷል ይባላል። ደንበኞች ተቀምጠዋል፣ አንዲት ሙሽራ ከነእናቷ አልበም ትመርጣለች። ካሜራዬን ሲያይ ከመቀመጫው ተነስቶ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለው።

«ይህንን ማን ሰጠሽ?»

«ዘመዴ ከዱባይ አምጥታልኝ ነው፣ ጋሽ ይልማ። አንድ ፎቶ እንዲያወጡልኝ ነበር።»

«ዘመድሽ አታልላሻለች። ይህ የልጅ መጫወቻ ነው። ከዚህ ውስጥ የሚወጣ ነገር ካለ እኔ ፎቶ ቤቴን ዘግቼ ሽንኩርት እነግዳለሁ» አለና ወደ ሙሽራይቱ ዞሮ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እናቷም። «ለማንኛውም ትተሽው ሂጂ፣ ነገ ነይ።»

በነጋታው መለሰልኝ። «ባዶ ነው። ባትሪው ሲደክም የያዘውን ሁሉ ይጥላል። ብዬሽ ነበር፣ መጫወቻ ነው።» አመንኩት። ምን ላድርግ፣ እሱ ባለሙያ ነው፣ እኔ ዝንጅብል መዛኝ ነኝ። ከሩዋንዳ እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ሲያለቅስ ሁሉም ይጠይቃል፣ በእግር ለሚሄድ ግን ማንም ደንታ የለው።

ኅዳር ላይ አባዬ ሱቁ ውስጥ ከኮረሪማ ጆንያዎቹ መሃል ወደቀ። ደም ግፊት ነው አሉ። ዋለ፣ አደረ፣ በማግሥቱ አለፈ። ለቅሶ ቤት ሬሳ ከወጣ በኋላም ሰው የሚያለቅሰው ለፎቶ ነው፤ እኛ ቤት ደግሞ ያለው የመታወቂያው ፎቶ ብቻ ነበር። እሱን አስጎልተን ድንኳን ውስጥ አቆምነው። ከንፈሩን ገጥሞ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ዕዳ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ይመስላል። እማዬ ክፈፉን አቅፋ ደረቷን እየመታች «ደግፌ፣ ይሄ አንተ አይደለህም፤ ይሄ አንተ አይደለህም» ትላለች። እኔ ያንን ሰማሁ። ያ ፎቶ ቢኖር አልኩ በልቤ፣ ያ ፎቶ ብቻ ቢኖር።

ሱቁን ተረከብኩ። ከደንበኞቻችን አንዷ ሩዋንዳ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ያላት ወይዘሮ ለተብርሃን ናት። ሥርዓት የምትወድ፣ ቃሏ ከእጇ የማይለይ የትግራይ ሴት ነች። ጥር ውስጥ ያዘዘችውን ቅመም ይዤ ሄድኩ። ወጥ ቤቱ ያለው ከኋላ ስለሆነ በኮሪደሩ ማለፍ አለብኝ። በግራና በቀኝ ትንንሽ ፎቶዎች ተሰቅለዋል፤ እንግዶቹ ፈረንጆች እያዩ የሚገዟቸው። ላሊበላ፣ ግመል፣ የጥምቀት ጃንጥላ።

ከዚያ አባዬ።

ዘምቢሉ ከእጄ ወደቀ። አባዬ በካናቴራው ግቢያችን መሃል ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ፣ ዝናብ እየጠጣ ይስቃል። ፖስት ካርድ የምታህል፣ በሚያምር እንጨት የተከበበች፣ ጥግዋ ላይ ዋጋ የተለጠፈባት። ከሥሯ «ዝናብ በገርጂ። ፎቶ፣ ይልማ» ይላል። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፣ አልዋሽም። አለ! አልጠፋም! ብዬ ግድግዳውን ዳሰስኩ። ቀጥሎ የመጣው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ ያለው ነው። እናቴ ያንን የመታወቂያ ፊት አቅፋ ስትንሰፈሰፍ፣ ይኼ ሰውዬ የአባቴን ሳቅ ዋጋ ለጥፎበት ነበር።

የዚያን ዕለት ለማንም አልተናገርኩም። እንዲያው በስሜት ብጮህ ምን ይለኛል? «በመንገድ ሳልፍ አንድ ሽማግሌ ሲስቅ አየሁ፣ አነሳሁ» ይላል። አባትሽ ስለሆነ ፎቶው ያንቺ ነው የሚል ሕግ የለም። ኮሪደሩ ውስጥ ቆሜ ፎቶውን ስመረምር ነው ከታች በቀኝ በኩል ያሉትን ብርቱካናማ ቁጥሮች ያየሁት። ያኔ ቀን የታተመበት ፎቶ የሥልጣኔ ምልክት ነበር፤ ለዚያ ይመስለኛል ሳይቆርጠው የቀረው። ቁጥሮቹ 02 01 92 ይላሉ። አየኋቸውና እዚያው ብቻዬን ሳቅ አመለጠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ላይ ባትሪ ስቀይር ካሜራው ቀን ጠየቀኝ። እኔ የፈረንጅ ቀን ምን ያደርግልኛል? በእኛው ሞላሁት፤ ወሩን አሥራ ሁለት፣ ዓመቱን ዘጠና አንድ ብዬ። ያ ምስኪን ዕቃ ግን ጳጉሜ የምትባል ወር በዓለም ላይ መኖሯን አልሰማም። አሥራ ሁለተኛውን ወር እንደ ፈረንጅ ሠላሳ አንድ አድርጎ ጨረሰና እኛ ገና ጳጉሜ ሁለት ላይ ሳለን እሱ መስከረም አንድ ብሎ ዓመቱን ለወጠ። በሩፋኤል ማግሥት መስኮቱን አይቼ «አንተ ለብቻህ እንቁጣጣሽ አክብረሃል» ብዬው ነበር። እንግዲህ ጳጉሜ ሦስት በሩፋኤል ዝናብ የተነሳው አባዬ ግርጌው ላይ መስከረም ሁለት ተጽፎበታል። ይህ ለምን እንደሆነ ካሜራውን ከሞላው ሰው በቀር ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ወይዘሮ ለተብርሃን ለቅበላ እሑድ ደንበኞቿንና ወዳጆቿን ምሳ ትጠራለች። ይልማም ይመጣል፣ ስለ ፎቶዎቹ ለእንግዶቿ እንዲያጫውት። ለክትፎው ሚጥሚጣና ኮረሪማ የማቀርበው እኔ ነኝ። ቀኗን ጠበቅኩ። ካሜራዬን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ከሚጥሚጣው ጋር ዘምቢል ውስጥ ከተትኩ። በመንገዴ ላይ ልቤ ይመታ ነበር፣ ግን የፍርሃት አልነበረም። ጣፋጭ ነበር። በቀል ከመፈጸሙ በፊት ያለው ሰዓት የሚጣፍጠውን ያህል ሌላ ነገር የሚጣፍጥ አይመስለኝም።

ምሳው ተበልቶ እንግዳው ኮሪደሩ ላይ ብርጭቆውን ይዞ ቆመ። ሊድሩ የተዘጋጁ እናቶች፣ ነጋዴዎች፣ ሁለት ሦስት ፈረንጆች። ይልማ ከረባቱን አስሮ ከፎቶ ወደ ፎቶ ይመራቸዋል። አባዬ ጋ ሲደርስ ቀረብ አልኩ።

«ጋሽ ይልማ፣ ይህን ደግሞ የት አነሱት?» አልኩት። አላወቀኝም። ነጠላ የለበሰች የቅመም ሻጭ ማን ያውቃታል?

«ይህቺ የእኔ ልጅ ናት» አለ ፎቶዋን እየነካ። «ሩፋኤል ዕለት በገርጂ በኩል ሳልፍ ኃይለኛ ዝናብ ያዘኝ። መኪናዬን አቆምኩ። አንድ ሽማግሌ በአጥር በኩል ስቆብኝ ነው ያነሳሁት።»

«ሩፋኤል ነበር?»

«ሩፋኤል ነዋ፣ ሳፋዎቹን አታይም?»

«ታዲያ ታች ያለው መስከረም ሁለት የሚለው ምንድን ነው?»

ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ። ከሚድሩት እናቶች አንዷ መነጽሯን አድርጋ «እውነትም፣ ሁለት፣ አንድ፣ ዘጠና ሁለት» ብላ አነበበች። ይልማ ፈገግ አለ። «የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እትዬ።»

«በፈረንጅማ አሁን ሁለት ሺህ ነው» አለች ወይዘሮ ለተብርሃን። እሷ ፈረንጅ አሳዳሪ ናት፣ የፈረንጅ ቀን አይጠፋትም። «ዘጠና ሁለትማ ገና መንግሥት በተቀየረ በዓመቱ ነው። ያን ጊዜ ቀለም ማተሚያህ የት ነበር፣ ይልማ?»

«እንግዲያው ማሽኑ ተሳስቶ ነው» አለ። ከረባቱን ነካ ነካ አደረገ።

«እንዴት ተሳሳተ?» አልኩት። ዘምቢሌን ፈታሁና ካሜራዬን አውጥቼ ለወይዘሮ ለተብርሃን ሰጠኋት። «እትዬ፣ እስቲ ይህን ጳጉሜ ሦስት ብለው ይሙሉልኝ። ወሩ አሥራ ሦስት ነው።»

ተጫነች። አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አንድ። እንደገና ዞረች። አንድ አለ። «አሥራ ሦስት የለውም እኮ» አለች።

«የለውም። በእኛ ቀን ሞልቼው ጳጉሜን ሳያውቃት ዘሎ መስከረም ገባ። ይህ ካሜራ የእኔ ነው። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ቤታችን ደጃፍ ቆሜ። ሽማግሌው አባቴ ነው፣ ሞቷል። ለለቅሶው ፎቶ አጥተን የመታወቂያውን ነው ያቆምነው።» ከዚያ ወደ ይልማ ዞርኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሽ የምለውን ሰው አንተ ያልኩት ያኔ ነው። «ባዶ ነው አላልከኝም? ሽንኩርትህን መቼ ነው የምትጀምረው?»

አንዲት እናት ሳቀች። ከዚያ ሁሉም። ይልማ ኮቱን እንኳን ሳይወስድ ወጣ። ወይዘሮ ለተብርሃን ፎቶውን ከግድግዳው አወረደች፣ የተለጠፈውን ዋጋ በጥፍሯ ፋቀች፣ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ማታ እማዬ ፊት ሳስቀምጠው በጣቷ አፉን ዳሰሰችው። «ጥርሱን የደበቀው ለካ ለዚህ ነው» አለች። «እንዲህ ሲስቅ ያየ ሁሉ ይወስድብኝ ነበር።»

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። አልቆምኩም። ለዳግማይ ትንሣኤ የሚድር ሰው በርበሬውን የሚያዘጋጀው በሁዳዴ ነው፤ ቦሌና ገርጂ ያለው የሠርግ ቤት ሁሉ ደግሞ ሾላ ይመጣል። እኔ በርበሬ እየመዘንኩ እጠይቃለሁ። «እንኳን ደስ ያለዎት፣ እትዬ። ፎቶ አንሺ ማንን ያዛችሁ?» ይልማን ካሉኝ ሚዛኑን አስቀምጬ ታሪኩን ከራስ እስከ ጥፍሩ እነግራቸዋለሁ። ኮረሪማ እመርቅላቸዋለሁም። ገበያ ወሬ ሲይዝ እንደምታውቁት ነው። ሁዳዴው ሲጋመስ የይልማ ፎቶ ቤት ዝንብ ብቻ የሚገባበት ሆነ። በታክሲ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን አውጥቼ አያለሁ፣ ባዶ መሆኑን ሳይ ምሳዬን የበላሁ ያህል እጠግባለሁ።

ሆሳዕና ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። ሁለት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባታችን ቆመዋል። ከኋላቸው ይልማ፣ ትልቅ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አጎንብሶ። አንገቱ ሥር ላቡ ይወርዳል።

«በድሏል» አሉ ቄሱ። «ጥፋቱን አምኖ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቷል። ፋሲካ ሳይገባ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ አውርዱለት።»

እማዬ ነጠላዋን እያስተካከለች ወጣች። ይልማ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ ተናገረ። «እትዬ ሙሉ፣ ምክንያት የለኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰውን ቀና በል፣ አትንቀሳቀስ እያልኩ ነው ያነሳሁት። እንዲህ የሚስቅ ሰው አንድ ቀን አላነሳሁም። ኮምፒውተሩ ላይ ሲመጣ መመለስ አቃተኝ። እኔ ያነሳሁት ቢሆን ብዬ ተመኘሁ።»

እውነቱን እንደነበር አውቃለሁ። ይህም አላበረደኝም፣ እንዲያውም ባሰብኝ። የአባቴን ሳቅ ዋጋ በሚገባ አውቆት ነው የወሰደው።

እማዬ «ስለ ሩፋኤል ብዬ» ማለት ስትጀምር «ቆይ» ብዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ካሜራዬን ይዤ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ነገሩ እስኪገባቸው ፊት ለፊቱ ቆሜ አነሳሁት። ጠቅ። አንዴም ቀና አላለም።

«ትዕግሥት! ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጠሽ?» አለችኝ እማዬ። በገዛ እጇ ድንጋዩን ደግፋ አወረደችለት። ቄሱ ባረኩ። ይቅር ለእግዜር ተባለ። እኔ ግን አፌን አልከፈትኩም፤ ያንንም ማንም ልብ አላለው። ፎቶውን በኋላ ኮምፒውተር ከሚያስተምሩ ልጆች ዘንድ አስወጣሁት፣ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ከዲስክ ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ኮምፒውተር እያሻገርኩ አቆየሁት። ልጆቼን እንኳን እንደዚያ ተጠንቅቄ አላሳደግኩም።

ባለፈው ሰኔ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ሄለን እባላለሁ፣ የይልማ ልጅ ነኝ አለች። አባቷ አርፏል፣ ቀብሩ ነገ ነው። የቦሌን ሰው ሁሉ ያነሳ ሰው ለድንኳን የሚሆን የራሱ ፎቶ የለውም፤ ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ነበር። ከወይዘሮ ለተብርሃን ጠይቃ ያኔ ፎቶ ታነሳ የነበረች ልጅ ነበረች ተብላ ነው ወደ እኔ የመጣችው። ስለ ድሮው ነገር አንዳች አታውቅም።

አለኝ አልኳት፣ ነይ። ለደግነት እንዳይመስላችሁ። ያን ሁሉ ዓመት ስጠብቅ የኖርኩት ይህችን ሴት ነበር። ከሥጋው የተከፈለ አንድ ሰው ፎቶውን አይቶ አባዬ ይህን ድንጋይ ለምን ተሸከመ ብሎ እንዲጠይቀኝ። መልሱን ስንት ጊዜ በልቤ አዘጋጅቼዋለሁ፣ ቃል በቃል አውቀዋለሁ።

መጣች። ኮምፒውተሩን ከፈትኩላት። ወንበሬ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «ወጣት ነበር» አለች። «ፀጉሩን አየሽው?» ስልኳ ላይ ላክሁላት። እኔ ቆሜ ጥያቄዋን እጠብቃለሁ። እሷ በሁለት ጣቷ ፎቶውን ወጠር አደረገችና ወደ ጎን ገፋችው። ድንጋዩ ከስልኩ ጠርዝ ወጥቶ ጠፋ። «ፊቱ ብቻ ይበቃናል» አለች። አመስግናኝ፣ እጄን ስማ ሄደች።

ለቅሶ ሄድኩ። እድር ነው፣ አይቀርም። ድንኳኑ ውስጥ አጉልተው አቁመውታል። ርካሽ ካሜራ ያነሳው ሲጎላ እንደ ሰፌድ ይተረተራል፣ ግን ይታያል። አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ። ንፍሮ እየበላሁ ከአጠገቤ ያሉትን ሴቶች አዳመጥኳቸው። «እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነበር» ትላለች አንዷ። «እዩት እስቲ፣ ፎቶ ሲነሳ እንኳን አንገቱን ይደፋል። ዛሬ እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?» ሌላዋ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። መናገር እችል ነበር። ንፍሮው አፌ ውስጥ ነበር፣ ዋጥኩት።

እና አሁን ቂምሽን ሸኚ ይሉኛል። ማንን ነው የምሸኘው? እሱ ሄዷል፣ ትሑት ተብሎ፣ ሰው አልቅሶለት። ልጁ የያዘችው ፎቶ ንጹሕ ነው። ድንጋዩ ያለበት እኔ ጋ ነው።